ጊዜ ያጣው ከተሜ
ለማብሰል ጊዜ አጣሁ ባዩ የአዲስ አበባ ከተሜ ይህን አቤቱታ የሚያሰማው፣ እንግዳ ሰው ቁሌት ሲያቁላላ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኩ ላይ እየተመለከተ መሆኑ ምርምር ይገባዋል። ሽሮ፣ ማለትም ከተቆላና ከተከካ ሽምብራ ወይም አተር ከቅመም ጋር የሚፈጨው ዱቄት፣ ቁሌቱ ላይ ውሃ ከፈላ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የሚደርስ ወጥ ሲሆን፣ እንዲህ የፈጠነውም መልቀሙ፣ ማመሱ፣ ማስከካቱና ማስፈጨቱ አስቀድሞ በእናት ወይም በቤት ሠራተኛ ትከሻ ላይ ስላለፈ ነው፤ የእነርሱ ጊዜ ከየት እንደመጣ ግን ጠያቂ የለም። የእንጀራ ሊጥም ቢሆን እርሾ ከገባበት በኋላ ሁለት ሦስት ቀን በራሱ ይቦካል እንጂ ማንንም ከቢሮ አያስቀርም። ከተሜው ግን በርገር በስልክ ያዝዝና አድራሹ ከመንገድ መጨናነቅ እስኪወጣ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል፤ ይህም ጊዜ መቆጠብ ይባላል።