አሮጌ መኪና ጠቅ ጠቅ ሲል ምን ማድረግ እንዳለብዎ

ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ድምፁ መርሳን አለፍ እንዳሉ ከጀመረ ገና ብዙ መንገድ ይቀርዎታልና መጀመሪያ ሬዲዮውን ከፍ ያድርጉት። ሬዲዮ ከሌለው መስኮቱን ዝቅ ያድርጉ፤ ነፋሱ ይሸፍነዋል።

ቀጥሎ ተሳፋሪውን ያማክሩ። ጋቢና የተቀመጡት አባት «ባሌስትራው ነው» ይላሉ። ከኋላ ያሉት እናት ከመርሳ የጫኑት የማንጎ ሣጥን እንዳይሆን ይሰጋሉ። መሪ ጨብጦ የማያውቀው ጎረምሳ «ሞተሩ ሊነክስ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሁሉንም ይመኑ።

አደራ ግን፣ መኪናውን አቁመው እንዳያዳምጡት። ቆመው ነዳጅ ሲረግጡ ድምፁ አብሮ ከፈጠነ ነገሩ ከሞተሩ ነው፤ ሲነዱ ብቻ መጥቶ ሲቆሙ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ከጎማው ወገን ነው። ይህን ካወቁማ ምርመራው እኩሌታው አለቀ፣ ወሬውም አብሮ አለቀ። ጎማ ጥርስ ውስጥ ስለተሰነቀረች አንዲት ጠጠር ሞተር ማስወረድ የሚቻለው ይህችን አንድ ደቂቃ የቆጠበ ሰው ብቻ ነው። የጎማው ቡሎን ላልቶም ሊሆን ይችላል። እሱን ጎማው ቀድሞዎት ሲሄድ ያዩታል።

ውርጌሳ ሲደርሱ ሻይ ይጠጡ እንጂ ኮፈን አይክፈቱ። ኮፈን ከተከፈተ የዘይት መለኪያዋ ዘንግ ትታያለች፤ ከታየች መምዘዝ ይመጣል፤ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ጉድ ፈላ። ዘይት ያነሰው የቫልቭ ክፍል ጠቅ ጠቅ ይላል፤ አንድ ሊትር ቢጨመርለት ዝም ሊል ይችላል፣ እርስዎም የሚያማርሩት ያጣሉ። ካምሻፍቱ ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ በደቂቃ 800 ጊዜ በሚዞር ሞተር ላይ አንድ የላላ ቫልቭ 400 ጊዜ ይጮኻል። ለመቁጠሪያ አይሆንም፣ ይፈጥናል። እንዲሁ በደረቁ ወደ ውጫሌ ዳገት ይውጡ። ሲወጡ ጠቅታው ወፍሮ ኳኳታ ከሆነ ድምፁን ፈልጎ የማግኘቱ ችግር ተፈታ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ውጫሌ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

ጠዋት ጮኾ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ አለ። ከጭስ ማውጫው መጋጠሚያ የሚያፈተልክ ጋዝ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋና ክፍተቱን ይደፍነዋል። ለእኛ እንዲህ ያለ የተመቸ ብልሽት የለም። ጋራዥ እስኪደርሱ ይሞቃል፣ መካኒኩ ፊት ጭምት ይሆናል፣ እርስዎም «ድሮም ምንም የለውም» ብለው ጢሱን እየሳቡ ይመለሳሉ።

ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ የሚያደርግ መካኒክ ካጋጠመዎ ይሽሹ። እንዲህ ያለው ሰው ቦታውን ያገኘዋል። የሚፈልጉት ገና ከበር «ይውረድ!» የሚለውን ነው። ዋጋውን በቃል ብቻ ይጨርሱ፤ ምን እንደሚሠራም አይጠይቁ። በ1881 ዓ.ም. እዚያው ውጫሌ የተፈረመው ውል ወረቀት ላይ ሰፍሮ እንኳ በ17ኛው አንቀጽ ሁለቱ ወገን ሁለት የተለያየ ነገር ይዞ ነው የተለያየው።

ከዚያ ዕቃ መቀየር ይጀምሩ፤ ከውዱ ወደ ርካሹ። ካንዴላ መጨረሻ ይሁን። መኪናው ቢሞትብዎም አይጨነቁ፣ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ ጎረቤትዎ አሮጌ ዲኤክሱን በወርቅ ዋጋ ሊሸጥልዎ ይችላል። እሷም ጠቅ ትላለች።

ማታ ደሴ ገብተው ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ከማርሚታው በኩል አለፍ አለፍ እያለ ጠቅ የሚል ነገር ይሰማሉ። እየቀዘቀዘ ያለ ብረት ነው፤ ጤነኛ ነው። ለእሱ ግን ማልደው ጋራዥ ይሂዱ።