የኤልደሮቹ ሲኒ

ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚከራይ ሰው ወይ ደረጃውን አላየም፣ ወይ ደላላው የውሃውን ነገር ደብቆታል። ከበላያችን የገቡት ሁለት ፈረንጅ ወጣቶች ሁለቱም ሳይደርስባቸው አልቀረም። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም ባጅ። ጥበቃው የባንክ ሠራተኞች መስለውት ነበር፤ ጄሪካን ተሸክመው ሲወጡ ካየ ወዲህ ግን ሐሳቡን ቀየረ።

ሚሲዮናውያን («ኤልደሮች») ናቸው፤ ሰው በተለምዶ ሞርሞን ከሚለው ቤተ ክርስቲያን የተላኩ። ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ ዓመት ተመንፈቅ ያገለግላሉ፤ የሚሄዱበትን አገር ራሳቸው አይመርጡም። አንዱ ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ ሌላው አብሮ ይወርዳል፤ ለብቻ መሄድ የለም። በየሳምንቱ ቤተሰብ ጋ እንዲደውሉ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን ከዚያ በፊት የእናት ድምፅ የሚሰማው በዓመት ሁለቴ ነበር።

ይህን ለጎረቤታችን ለእማማ ነገርኳቸው። እማማ ከወሬው የሰሙት «በዓመት ሁለቴ» የሚለውን ብቻ ነው። «ውይ ልጆቼን! በል ጥራቸው፣ ቡና ላፍላላቸው።»

ቄጤማው ተጎዘጎዘ፣ ዕጣኑ ጨሰ፣ ፈንዲሻው ቀረበ። አቦሉ ተቀድቶ ሲኒው ሲዘረጋላቸው ልጆቹ ተያዩ። ባለ ቀይ ፀጉሩ፣ ፊቱም እንደ ፀጉሩ ቀልቶ፣ «ይቅርታ እማማ፣ ቡና አንጠጣም» አለ። ሻይም አይጠጡም። ክልከላው የቤተ ክርስቲያናቸው መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1833 ተገለጠልኝ ካለው ሕግ የመጣ ነው።

እማማ ሲኒውን እንደያዙ ቀሩ። ቤታቸው የተቀዳ ቡና ተመልሶ አያውቅም። እኔ ደግሞ በመሃል የተቀመጥኩ አስታራቂ ነኝ፤ «የእነሱን እኔ እጠጣላቸዋለሁ» አልኩ። አቦል ሦስት፣ ቶና ሦስት፤ በረካው ላይ መቁጠሩን ተውኩት።

እግረ መንገዴን በታሪክም ላስታርቅ ሞከርኩ። ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ሸዋ ሲገባ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያኔ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ክርስቲያን ቡናን የሙስሊም ነው ብሎ አይነካም ነበር። (ይኸው ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ወደ ጎንደር ሲያመራ ወሎ ላይ አንድ ባላባት ይዞ ንብረቱን ገፎታል፤ የእኛዎቹን ከገላን ቃሊቲ ሲሄዱ የሚገፋቸው ወያላ ብቻ ነው።) «እንግዲህ የእርስዎም ቅድመ አያት ሲኒ አልጨበጡም ማለት ነው» አልኳቸው።

«የእኔ ቅድመ አያት ጠላ ነበር የሚጠጡት» አሉና ፊታቸው በራ። «ለምን ጠላ አላመጣላቸውም?»

ጠላም አይጠጡም። በስንት መከራ ሻይ ቅጠል ሳይገባበት ዝንጅብል ተፈልቶ ልጆቹ ፉት አሉ፤ እማማም «ጉንፋን የያዘው ሰው መጠጥ» እያሉ ታረቁ።

የቡናው ሒሳብ የመጣው ማታ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዓይኔ እንደፈጠጠ ጣሪያውን ያያል፣ ልቤ ይደልቃል። ድንገት የሽንት ቤቱ ቧንቧ አየር ተፋ፤ ፍስስ፣ ቱፍ፣ ቱፍ። ውሃ! ስንት ቀን የጠፋው ውሃ! ግፊቱ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ስለማይወጣ ደረጃ ለደረጃ እየሮጥኩ በር ደበደብኩ። ብሎኩ በሙሉ ባልዲና ጄሪካን ይዞ ምድር ቤት ካለው ቧንቧ ተሰለፈ። ልጆቹም ክራቫታቸውን ጥለው በነጠላ ጫማ ወረዱ፤ የአዛውንቱንም የነፍሰ ጡሯንም ጄሪካን ያወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ማንም ሃይማኖታቸውን አልጠየቀም።

እኔ የራሴን አንድ ጄሪካን ሞልቼ ወደ ቤቴ ልገባ ስል እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«አንተ! ለሦስት ሰው ጠጥተህ ለአንድ ሰው ትቀዳለህ?»

ሁለት ጄሪካን ወደ እግሬ ገፉልኝ። የአራተኛ ፎቅ ነበሩ።