የጽጌረዳ አሟሟት በሳሎን ቤት፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

በምረቃ ሰሞን ለተመራቂ የሚታቀፈው ጽጌረዳ ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ ሳሎኑ ቡፌ ምን እንደሚደርስበት በወጉ ያጠና አልተገኘም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ቀርቧል።

ሟቹ ሲነሳ የተከበረ ነበር። ሆለታ ወይም ባቱ ተቆርጦ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚቀዘቅዝ ክፍል ይቀመጣል፤ በቦሌ በኩል ኔዘርላንድስ የሚሄዱት ወንድሞቹም ቅዝቃዜው አይለያቸውም። ለእኛ የተረፈው ግን በታክሲ የኋላ መስኮት ሥር ፀሐይ እየጠበሰው፣ ከአክስት ክርን ጋር እየተጋፋ ቤት ይገባል።

ቤት እንደገባ የሚነሳው የላስቲኩ ጉዳይ ነው። ሊፈታው የሞከረ የሩቅ ዘመድ ቢኖር፣ የቤቱ እመቤት «ተው ልጄ፣ ውበቱ እሱ አይደል እንዴ!» ይሉታል። ስለዚህ አበባው ከነላስቲኩ፣ ከነሪባኑ ውኃ ውስጥ ይቆማል። የታችኛው ቅጠል ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ ባክቴሪያውም ግንዱ ውስጥ ውኃ የሚሳብባቸውን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናል። ብዙም ሳይቆይ አንገቱ ይደፋል። ቤተሰቡ «ውኃ በዝቶበት ነው» የሚል ትንታኔ ይሰጣል፤ አበባው ግን ውኃ ውስጥ ቆሞ በጥም እየሞተ ነው።

በሕክምናው ላይ ሁለት ወገኖች አሉ። የስኳር ወገን ስኳሩ አበባውን እንደሚመግብ አያጠራጥርም ይላል፤ ባክቴሪያውንም ስለሚመግብ ጥቂት ጠብታ በረኪና መጨመር እንዳለበት ሲነገረው ግን በረኪና ለነጭ ልብስ ነው ብሎ ይከራከራል። የአስፕሪን ወገን፣ አንገት የደፋ ሁሉ ራሱን አሞታል ከማለት ያለፈ ማስረጃ አላቀረበም።

ሁለቱም የዘነጉት ምላጭን ነው። ከግንዱ ጫፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር በሰያፍ ቆርጦ፣ ውኃው የሚነካውን ቅጠል አንስቶ፣ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ መንከር የደፋውን አንገት አንዳንዴ ቀና ያደርገዋል። ውኃውን በየሁለት ቀኑ መለወጥ ነው።

የሙዙም ነገር አለ። እየበሰለ ያለ ሙዝ ኤቲሊን የሚባል አበባ የሚያስረጅ ጋዝ ያወጣል፤ ሳህኑ ደግሞ ከአበባው ሥር ነው። እንዲነሳ ቢጠየቅ «ለእንግዳ ነው» ተብሏል።

ሟቹ ሲጣል ሪባኑ ታጥቦና ተተኩሶ፣ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ለሚወለወለው የፕላስቲክ ጽጌረዳ በውርስ ተላልፏል። ላስቲኩም ለሪሞቱ ልብስ ሆኗል።