4.5 ሚሊ ሜትር

ደብረ ታቦር ውስጥ 4.5 ሚሊ ሜትር እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ቢፈለግ ከዚህ ወግ ጸሐፊ በቀር የሚገኝ አይመስልም። ከተማው የሚያስጨንቅ ነገር አላጣም፤ የድንች ዘር አለ፣ የጉና ብርድ አለ፣ ደስ ሲለው ሄዶ ደስ ሲለው የሚመለስ መብራት አለ። ጸሐፊው ግን ይህን ሁሉ ለባለጉዳዮቹ ትቶ፣ ምግብ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የሞዴል ሐዲድ ፊት ማስመሪያ ይዞ ይቀመጣል። ከአንዱ ብረት እስከ ሌላው ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። መሆን የነበረበት 21 ነው። ደጋግሞ ለካው፤ ያው ነው።

ሐዲዱ የመጣው ደብሊን ከሚኖር ዘመድ ነው። የሰው ዘመድ ጫማ ይልካል፣ ስልክ ይልካል፤ የእሱ ዘመድ ባቡር ላከለት። ካርቶኑ ሲከፈት አንዲት ሎኮሞቲቭ፣ ጥቂት ፉርጎዎች፣ ገጥመው ሲዘጉት ሞላላ የሚሠራ ሐዲድ፣ እንዲሁም ባርኔጣ የደፉ ጥቃቅን ተሳፋሪዎች ወጡ። ጣቢያ የለም። ተሳፋሪ ሻንጣውን ይዞ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም አንጀት ይበላል። ጸሐፊው ጣቢያውን በእጁ ሊሠራ ተነሣ።

የየትኛውን ጣቢያ? የደብረ ታቦርን እንዳይሠራ፣ ደብረ ታቦር ጣቢያ ኖሯት አያውቅም። የለገሃርን እንዳይሠራ፣ ፖል ባሪያ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀው ያ ባለግርማ ሕንፃ ከምግብ ጠረጴዛው ይተርፋል። በመጨረሻ ባቡሩ የመጣበትን አገር መረጠ። አየርላንድ ውስጥ፣ ሊሽ በሚባለው አውራጃ፣ ፖርታርሊንግተን የሚባል ጣቢያ አለ፤ ሳንክተን ዉድ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1847 የተከፈተ። የደብሊኑን ትልቁን የሂውስተን ጣቢያ የነደፈውም እሱ ነው። ጥርብ ድንጋይ፣ ቁልቁለት የበዛበት ጣሪያ፣ ረጃጅም ጭስ ማውጫ። ዘመድ ፎቶውን ከአራቱም ማዕዘን አንስቶ ላከ።

በዚህ ሙያ የተዘጋጀ ቤት ገዝቶ መገጣጠም አለ፤ ከዜሮ ተነሥቶ መሥራትም አለ። ደብረ ታቦር ላይ የመጀመሪያው ምርጫ ስለሌለ ሁለተኛው ክብር ሆነ። ግድግዳው የሳሙና ካርቶን ነው። ድንጋዩ የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ነው፤ በምላጭ ተቆርጦ፣ በኮላ ተለጥፎ፣ ግራጫ ሲቀባ ከበር ላይ ሆኖ ለሚያየው የአየርላንድ ኖራ ድንጋይ ነው። የመስኮቱ መስታወት የኪኒን ማሸጊያ፣ የጣሪያው አሸንዳ ስቴኪኒ፣ የጣሪያው ንጣፍ የደብተር ልባስ። ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያንሳል፤ ሁለት ሜትር በር 26 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ልክ ሲሠሩ የሰው እጅ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ይታወቃል።

የጠጠሩ ነገር ደግሞ የቤት ጠብ አመጣ። ሐዲድ ሥር የሚነጠፍ ጠጠር በዚህ ልክ ሲታሰብ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። እንዲህ ያለ ነገር ከየት ይመጣል? ፈረንጆቹ በፋብሪካ አስፈጭተው በከረጢት ይሸጡታል። ጸሐፊው ግን የፎገራ ጎረቤት ነው፤ ጤፍ ያውቃል። አንድ ፍሬ ጤፍ 76 ጊዜ ቢያድግ ከእውነተኛው የሐዲድ ጠጠር ጋር ይቀራረባል። ኮላ ቀባ፣ ጤፍ በተነ፣ እጹብ ድንቅ ሆነ። እናቱ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ! በዚህ ዘመን ጤፍ ይደፋል?»

«እማዬ፣ አልተደፋም፤ ተነጥፏል።»

«እንግዲያው እራትህንም ከዚያው ላይ ልቀምልና!»

የቀረውን ነገር አይጦች ጨረሱት። ዛሬ ሐዲዱ የተኛው በደረቀ የቡና አተላ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው ይችለዋል። የማይቻለው ስፋቱ ነው። አየርላንድ ባቡር ስትጀምር እያንዳንዱ ኩባንያ በፈቀደው ስፋት ይዘረጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1834 ከደብሊን ወደ ኪንግስታውን የተከፈተው መስመር 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ሰሜኖቹ፣ የአልስተር ሰዎች፣ 1880 አደረጉት። ከደብሊን ወደ ድሮኸዳ የሚሄዱት ደግሞ 1575 አሉ። ባቡር ከባቡር ሊገናኝ ሲል ሐዲዱ አልገጥም አለ። ጉዳዩ ፓስሊ ለተባለ ጄኔራል ቀረበ። ጄኔራሉ እንደ ጎንደር ሽማግሌ ግራ ቀኙን ሰምቶ መሃሉን ያዘ፦ 1600 ሚሊ ሜትር። አየርላንድ ውስጥ ማንም ያልዘረጋው ስፋት። እ.ኤ.አ. በ1846 ሕግ ሆነ፤ እስከ ዛሬ የአየርላንድ ባቡር በእሱ ይሄዳል። አውስትራሊያና ብራዚል ውስጥም አለ። 1600 ለ76 ሲካፈል 21 ነው። እንግዲህ ከደብሊን የመጣው ሐዲድ ለምን 16.5 ሆነ?

ጥፋቱ የሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የብሪታንያ አሻንጉሊት ሠሪዎች የአገራቸውን ባቡር 87 ጊዜ ሊያሳንሱት ፈለጉ፤ ለዚያ 16.5 ልክ ነው። ነገር ግን የእነሱ ሎኮሞቲቭ ጠባብ ስለሆነ የዘመኑ ሞተር ሆዱ ውስጥ አልገባም አለ። ታዲያ ምን አደረጉ? ገላውን አሳደጉና ሐዲዱን እንደነበረ ተዉት። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል ከላይ 76፣ ከታች 87 ጊዜ ያነሰ ባቡር ሲመረት ኖሯል። ለብሪታንያው ሐዲድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከምናምን ጎደለ፤ ለሰፊው ለአየርላንዱ 4.5 ጎደለ። አየርላንድ ውስጥ ይህ የሚቆጠቁጣቸው ጥቂቶች 21 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በእጃቸው እየለኩ ያነጥፋሉ። ብዙዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በ16.5 ይኖራሉ። ጸሐፊው ከሁለቱም አልሆነ፤ ማንጠፍም አልቻለ፣ መጨፈንም አልቻለ።

«ደብረ ታቦር ላይ ማን ሊያውቅብህ?» ይሉታል። ይህ አነጋገር የከተማውን ታሪክ መርሳት ነው። ከባድ ነገርን በመንኮራኩር ስለ ማንቀሳቀስ ከደብረ ታቦር በላይ ሊናገር የሚችል ማን አለ? እዚሁ አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ቫልድማየርንና ጓደኞቹን፣ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን፣ መድፍ አንጥረኛ አደረጓቸው። ሰባት ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ መድፉ አብሮ ተነሣ። ሰው ጎተተው። መንገድ አልነበረም፤ ገደል እየተናደ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት ተሠራ፤ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ወራት ፈጅቶ፣ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ።

በእነዚያው ወራት ዙላ ላይ፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር መሐንዲሶች ሐዲድ ያነጥፉ ነበር። ብረቱም ሎኮሞቲቩም ከሕንድ በመርከብ መጣ፤ ያረጀ፣ የተለያየ፣ እርስ በርሱ የማይገጥም። ቢሆንም ከባሕሩ ወደ ተራራው ግርጌ ዕቃ አመላለሰ። አንዱ ወገን ያለ ሐዲድ ሰባት ቶን ተራራ ያወጣል፤ ሌላው ወገን በሐዲድ ብስኩትና መኖ ይጭናል። ጦርነቱ ሲያልቅ ሐዲዱ ተነቅሎ በመጣበት ተመለሰ። በዚያ ጊዜ ወደ ደብረ ታቦር በኩል ዞር ብሎ ያየ ባቡር የለም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የመቅደላን አጥር ቀድመው ከወጡት ወታደሮች ሁለቱ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ፤ ከበሮ መቺው ማይክል ማግነርና ተራ ወታደሩ ጄምስ በርጊን። ሁለቱም አየርላንዳውያን ናቸው። ማግነር የፈርማና ልጅ ነው። በርጊን የተወለደው የት ነው? ሊሽ! የፖርታርሊንግተን ጣቢያ ያለበት አውራጃ። ጣቢያው በዚያን ጊዜ ከተከፈተ 21 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ 21 የሚሉት ቁጥር ጸሐፊውን የሚፈልግበት ነገር ሳይኖር አይቀርም። ይህን ካነበበ ወዲህ ጭስ ማውጫ ሲለጥፍ እጁ ይከብደዋል። የቴዎድሮስ ከተማ ልጅ፣ መቅደላን ለደፈረው ሰው አውራጃ፣ በእንቁላል ካርቶን ጣቢያ ይሠራል።

ሴባስቶፖል መቅደላ ቀረ። ሞዴሉ ግን አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ቸርችል ጎዳናን ይዞ ቁልቁል የወረደ ሰው ለገሃር ይደርሳል። ከደብረ ታቦር የተነሣ ነገር የባቡር ጣቢያ ሰፈር ለመድረስ ሞዴል መሆን ነበረበት።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከልቡ ይናደዳል፤ ንዴቱም በአየርላንድ አይደለም። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የተዘረጋው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 2,395 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ይሠራል ብሎ ነበር። በዚያ ዘመን በወጣው ካርታ ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ አልፎ ወደ ጋላፊ የሚወርድ መስመር ተሥሏል፤ ከወረታም ወደ መተማ የሚሄድ ሌላ። ከወረታ ወልድያ በመኪና የሚሄድ ሰው በደብረ ታቦር ያልፋል። የከተማው ሰው ያንን ካርታ አይቷል። ሻይ ቤት ውስጥ ጣቢያው በየት በኩል ይሁን በሚል ተከራክሯል፤ መሬቱ ይወደዳል ያለም አልጠፋም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፤ መልካም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወልድያ አጠገብ ወዳለችው ሐራ ገበያ የሚሄደው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ዋሻው ተበሳ፣ ሐዲዱ ኮምቦልቻ ድረስ ተነጠፈ፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠበቅ ተባለ፤ ሲጠበቅ ጦርነት መጣ። ከወልድያ ወዲህ ያለው ከወረቀት አልወረደም። አገር ድሃ ነው፣ ተራራው ከባድ ነው፣ ገንዘብ ይጠፋል፤ ይህ ሁሉ ይገባል። የማይገባው፣ መስመሩ ከካርታው ሲደበዝዝ አንድ ሰው እንኳ ወጥቶ «ቀርቷል» ለማለት አለመድፈሩ ነው። ዕቅድ ሲወጣ ከበሮ ይመታል፤ በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያ መስታወት ውስጥ ትናንሽ ዛፍ የተተከለበት ሞዴል ይቀመጣል፤ ሲቀር ግን የሚነግር የለም፤ መስታወቱም አይወለወልም። የአየርላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ነበረው፤ ግማሽ ያህሉ ተዘግቷል፣ ተነቅሏል። የተዘጋበትን ቀን ያውቃል፤ ሞዴል የሚሠራውም ያንን ለማስታወስ ነው። የደብረ ታቦር ሰው የምኑን ቀን ይወቅ? 4.5 ሚሊ ሜትር ጎደለ ብሎ ለመጮህ እንኳ መጀመሪያ የሚለካ ሐዲድ ያስፈልጋል!

ይህን ሲል መብራት ሄደ፤ ሎኮሞቲቯም ከፖርታርሊንግተን በር ላይ ቆመች። ኮምቦልቻ ላይም ያጠፋው ይኸው ነውና ጸሐፊው በሳቅ ቀለል አለው።

ደግሞስ ቢመጣ በየት ይወጣል? ወረታ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። በመሃሉ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱን ተከትሎ ቢወጣ በየ100 ሜትሩ ሁለት ሜትር ከምናምን መውጣት አለበት፤ ጭነት ለሚጎትት ባቡር ይህ ቀላል ዳገት አይደለም። ወይ እየተጠማዘዘ መንገድ ማስረዘም፣ ወይ ዋሻ መብሳት ነው። ጸሐፊው ከካርቶን ዳገት ሠርቶ ሞክሮታል፤ ፉርጎ ሲበዛ መንኮራኩሩ ሐዲዱ ላይ እየሾረ ቆሞ ቀረ። ፉርጎ ተቀነሰ፤ ወጣች።

የሰፈሩ ልጆች ጠረጴዛውን ከከበቡ ወዲህ ሥራው አቅጣጫውን ስቷል። ተሳፋሪዎቹ በባርኔጣ መቆማቸው አላማራቸውም፤ በነጭ ቀለም ጋቢ አለበሷቸው። አንዷ ሴትዮ ጃንጥላዋን አልለቅም ስላለች ከነጃንጥላዋ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሆናለች። ጎረቤት አዛውንት ደግሞ አንድ ምሽት መጥተው ረዥም ጊዜ አዩና «በቅሎ የሚታሰርበት የታል?» አሉ። መልስ አልተገኘም።

ከሁሉ የከበደው የጉና ጥያቄ ነው። ልጆቹ ከጣቢያው ጀርባ ጉና ይቁም፣ ባቡሩም በዋሻ ይለፈው ብለዋል፤ ጋዜጣና ሊጥ አዘጋጅተዋል። ጸሐፊው ልኩን ጠበቅ አድርጎ አሰላ። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለው ብቻ 76 ጊዜ ቢያንስ 18 ሜትር ይሆናል፤ የቤቱ ጣሪያ ሦስት ሜትር አይሞላም። ልጆቹ ከወገቡ በላይ ጉም ይሸፍነዋል እንበል ብለው ለጊዜው ተስማሙ፤ ጥጥ ፍለጋም ወጡ። የጸሐፊው እናት ከጓዳ ሆነው፣ ለክርስትና እንግዳ ስላለ ጠረጴዛው እንዲለቀቅ አሳሰቡ። እስከዚያው የትንሹ ልጅ ጥያቄ፣ ጣቢያው ሽንት ቤት አለው ወይ የሚለው፣ ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ ወደ ደብሊን ተልኳል።