ሳር በቤንዚን

ገላን ውስጥ ሳር አጭዶ የሚጥል ሰው ጤናው ያጠራጥራል። ሳር የላም ነው፣ የበግ ነው፣ የእንቁጣጣሽ ነው፤ ቡና ሲፈላም ከረከቦቱ ሥር የሚጎዘጎዘው እሱ ነው። ክረምት ገብቶ የግቢያችን ሳር ጉልበት ላይ ሲደርስ ማጭድ ይዞ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም። ከብት ያለው ከሆነ አጭዶ፣ አስሮ፣ ተሸክሞ፣ መርቆኝ ይሄዳል። እንግዲህ ለዚህ ሰፈር ነው ወንድሜ ከአሜሪካ በቤንዚን የሚሠራ የሳር ማጨጃ የላከው፤ «ግቢህ የሰው ግቢ ይምሰል» ብሎ። አጥር የምንጋራቸው እማማ ማሽኑን ዞር ዞር እያሉ ካዩት በኋላ «ኧረ ደስ ይላል ልጄ» አሉ። ቀጥለውም «ታዲያ ሳሩን ማን ይበላዋል?»

የማሽኑ ዘር እንዲያውም ከጨርቅ ፋብሪካ ነው። ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1830 የሠራው፣ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅን ፀጉር እየላጨ የሚያስተካክለውን መሣሪያ ወደ ሳር አዙሮ ነው። እኛ አጠገባችን የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ያን ሁሉ ዘመን ቆሞ ይህ ሐሳብ ለማንም አልመጣለትም። ለምን ይምጣ? በግ አለ።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። ጣጣው ያለው በጋው ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ ስለሚያረሰርስ ሳሩም ማሽኑም የሚያርፉት በብርዱ ወራት ብቻ ነው። የእኛ ሳር ግን መስቀል ካለፈ ወዲያ ቢጫ እየሆነ ይደርቃል፤ ክረምቱ እስኪቃረብ ማሽኑን የሚፈልገው የለም። ሰልባትዮው ውስጥ የቀረችው ቤንዚን በዚህ ሁሉ ወር ቀላል ቀላሏ ይተንና የተረፈችው እየጠቆረች፣ እየተጣበቀች ትሄዳለች። ኤታኖል ካለባት ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ትስባለች። በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ሱሉልታ ላይ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ እየተደባለቀ ለአዲስ አበባ መቅረብ ሲጀምር፣ በኋላም 10 በመቶ ሲደርስ፣ በየቀኑ የሚነዳ መኪና ጉዳዬ ብሎ አልቆጠረውም፤ ቤንዚኑ ሳይሰነብት ይቃጠላላ! ጥግ ላይ በማዳበሪያ ተሸፍኖ ለሚከርም ማሽን ግን የሰነበተ ቤንዚን መርዝ ነው። ከመስቀል በኋላ ሰልባትዮውን አሟጦ የሚያስቀምጥ ሰው አለ ይባላል። እኔ አግኝቼው አላውቅም።

ሰኔ ላይ ገመዱን ሳብኩ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ።

ገላን የፋብሪካ ከተማ መሆኗ የሚገባህ ያኔ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ግማሹ ፋብሪካ ይሠራል፣ ግማሹ የጅቡቲ መኪና ይነዳል፤ የተከፈተ ሞተር ያየ መንገደኛ ሁሉ ሰላምታውን ትቶ ምርመራ ይጀምራል። «ካንዴላ ነው» አለ አንዱ። «ዘይቱን እየው» አለ ሌላው። «ባትሪው ሞቷል» ያለም ነበር፤ ባትሪ የለውም። አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብዙ ካዩት በኋላ «ቻይና ነው» ብለው ፈረዱ። ከአሜሪካ እንደመጣ ስነግራቸው «እዚያም ያለው ቻይና ነው» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ጀማሪ ሰው ከአማካሪ ሁሉ የሚገላገልበት አንድ ፍተሻ አለ። የአየር ፊልትሮውን ያወልቃል፣ ግማሽ ቆርኪ የምትሆን ቤንዚን በካርቡሬተሩ አፍ ያንጠባጥባል፣ ፊልትሮውን መልሶ ገመዱን ይስባል። (ሲጋራ የሚያጨስ አማካሪ ካለ መጀመሪያ እሱን ይሸኛል።) ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ሴኮንድ ጮኾ ከጠፋ ካንዴላው ደህና ነው፤ እሳት አለ፣ የታጣው ምግብ ነው። የእኔውም ጮኾ ጠፋ። እማማ ከአጥሩ ማዶ «ተነሣ?» አሉ።

«ተነሥቶ ተኛ» አልኳቸው።

ስለዚህ ካርቡሬተር። እ.ኤ.አ. በ1893 ዶናት ባንኪ እና ያኖሽ ቾንካ የተባሉ ሁለት ሃንጋሪያውያን ይህን ዕቃ በስማቸው ሲያስመዘግቡ፣ ሐሳቡ የመጣላቸው ቡዳፔስት መንገድ ላይ አንዲት አበባ ሻጭ ውሃ በአፏ ይዛ አበባዋ ላይ ስትረጭ አይተው ነው እየተባለ ይወራል። እውነትም ይሁን ተረት ለእኛ ሰው ማስረዳት ይቀላል፤ ልብስ ሰፊ ካውያውን ከማሳረፉ በፊት ውሃ ጎንጨት ብሎ ጨርቁ ላይ «ፍፍፍ» ሲያደርግ ያላየ የለም። ካርቡሬተሩም ጉሮሮው መሃል ላይ ጠበብ ይላል። አየር በዚያ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ከታች ካለችው ኩባያ ቤንዚን በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና ጭጋግ ሆኖ ወደ ሞተሩ ይገባል። ልኩ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ነው። ልብስ ሰፊው ይህን ያህል አይጨነቅም።

ኩባያዋን ከታች የያዘቻት አንዲት ብሎን ናት፤ እሷም ዜግነቷን አልቀየረችም። የእኔ ቁልፎች በሚሊሜትር፣ የእሷ ራስ በኢንች። 12 ቁልፍ አይገባም፣ 13ቱ ገብቶ ይሽከረከራል። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር መሆኑን ትምህርት ቤት አስተምረውናል፤ ምን እንደሚሠራልን ግን ያኔ የነገረን አልነበረም። በ13 ቁልፍና በመሃል በተሸጎጠች የጣሳ ቁራጭ ተፈታች። ኩባያዋ ሥር ቡናማ ዝቃጭ ተጋግሯል፣ በላዩ የውሃ ጠብታ ወዲያ ወዲህ ይንከባለላል።

አሁን ብሎኗን ላሳያችሁ። ከናስ የተሠራች ናት። ላይ ላዩን ካዩዋት ሌላ ሥራ የላትም፤ ወገቧ ላይ ግን መርፌ የማያሾልክ ቀዳዳ አለ፣ መሃሏም ቱቦ ነው። ቤንዚኑ የሚያልፈው በእሷ ነው! ስንቱ ካርቡሬተሩን አጥቦ፣ ተንሳፋፊዋን አጥቦ፣ መንገዱን የዘጋችውን እሷን «ብሎን አይደለች?» ብሎ ሳያያት መልሶ ያስራታል። ወደ ፀሐይ አነሣኋትና በቀዳዳዋ አየሁ። ጨለማ።

በሚስማርም በመርፌም አትነካም። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ሲጠጣ ይኖራል። ከመብራት ሽቦ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር ይበቃታል፣ ከዚያ ንፋስ። ንፋስ ያለው ደግሞ ጎሚስታ ቤት ነው።

በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ እንጀራው የሲኖትራክና የተሳቢ ጎማ ነው። ብሎኗን መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ጣቶቹ መሃል ልትጠፋ ምንም አልቀራት።

«የምንድነው?»

«የሳር ማጨጃ።»

«ሳር? በቤንዚን?» ረዳቱን ጠራው። «ና እስቲ ይህን ስማ!» ረዳቱ መጣ፣ ጎማ የሚያስለጥፈው ሾፌርም መጣ። የተሳቢ ጎማ የሚነፋው ኮምፕሬሰር ተነሥቶ ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ ሁላችንም አንዲት ብሎን ከበብን። ጎሚስታው በሁለት ጣቱ አጥብቆ ይዞ «ሽሽሽ» አደረጋት። ብታመልጠው ጅቡቲ ነበር የምንፈልጋት። ወደ ፀሐይ ሲያነሣት የብርሃን ነጥብ ወጣች፤ ሾፌሩ አጨበጨበ። ስንት ልክፈል ስል «ለዚህ ምን ብዬ እቀበልሃለሁ? ስታጭድ ሳሩን ላክልኝ፣ በግ አለኝ» አለኝ።

ማሽኑ ተነሣ። ጥቁር ጭሱም አብሮ ተነሣ። ይኼ እንኳን የብሎኗ ጥፋት አይደለም፣ የአገራችን ከፍታ ነው። ማሽኑ የተለካው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው፤ ገላን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2100 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን እንደ ድሮው ይመጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የአምራቾች መመሪያ ከ1500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር ቀዳዳዋ ጠበብ ያለ ብሎን ይደረግለት ይላል፤ ያም ተደርጎ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀነሳል። ለገላን ሲሰላ ሩብ ገደማ ነው። ሱሉልታ ያለ ማጨጃ ከዚህም ይብስበታል። የውጭ አገር ሯጮች ሱሉልታ የሚመጡት ሰውነታቸው ስስ አየር እንዲለምድ ነው፤ ካርቡሬተር ግን ዓመት ቢከርምም አይለምድም። ጠባቧን ብሎን ፍለጋ መርካቶ ብጠይቅ ሻጩ ከልቡ አዘነልኝ፦ «ሰፊዋ እያለችህ በጠባቧ ምን ታደርጋለህ?»

እያጨሰም ቢሆን አጨደ። ግማሽ ግቢ ላይ ሲደርስ ቤንዚን አለቀ። በጀሪካን መቅዳት ክልክል ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ ሒሳብ በስልክ ነው፣ ስልኩም የሰሌዳ ቁጥር ይጠይቃል። የማደያው ልጅ «ታርጋ ስንት ነው?» አለኝ። ጉዳዩን አስረዳሁት። በጨዋ ደንብ ሰምቶኝ «ጋሼ፣ የማላየውን ነገር አልቀዳም። ይዘውት ይምጡ» አለ።

ይዤው ሄድኩ። ትንንሾቹ ጎማዎች አስፋልቱ ላይ እየተንቋቁ፣ በተሳቢዎቹ ጥግ ጥግ እየገፋሁ ደረስኩና ከባጃጆቹ ኋላ ተሰለፍኩ። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል እኔም ገፋ አደርጋለሁ። ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ከጎኔ መጥታ ቆመች፤ ማሽኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ቱሉ ዲምቱ ስንት ነው?»