ፀሐይ በ800 ዶላር

ፀሐይ ስትሸጥ አይቼ አላውቅም ነበር። 13 ወር ሙሉ በነፃ ስትወጣልኝ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ክረምቱን ቢቀንሱብኝ እንኳ አሥር ወር አያንሰኝም። ዘንድሮ ግን እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ሳሎን ውስጥ ሁለት ፀሐይ ተገዝተው ተሰቀሉ። አንዷ 800 ዶላር። በብር ስንት እንደሚመጣ አልመነዝርላችሁም፤ ሐኪሜ ደም ግፊትህን ጠብቅ ብሎኛል።

የተገዙት ለድንጋይ ነው። ልጄ «ድንጋይ አይደለም አባዬ፣ ኮራል ነው፣ እንስሳ ነው» ይለኛል። ኮራልንማ እሱ ሳይወለድ ነው የማውቀው! በ1963 ዓ.ም. ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ ስገባ፣ ልንዋኝ ስንወርድ እግራችንን የሚተለትለን እሱ ነበር። ቁስሉ ደግሞ ቶሎ አይሽርም። ያኔ መብራት ያበራለት ሰው አልነበረም፤ የምጽዋ ፀሐይ ለእሱም ለእኛም ተርፋ ትፈስ ነበር። አሁን ያ እግሬን የበላው ፍጡር 75 ጋሎን በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ጨው ተበጥብጦለት፣ ሙቀቱ ተለክቶለት፣ እንደ አዲስ አማች ተከብሮ ተቀምጧል።

እንስሳነቱን ልመን። መብራት የሚበላ እንስሳ ግን ከወዴት መጣ? ነገሩ እንዲህ ነው አሉኝ፦ ሥጋው ውስጥ ዓይን የማያየው አልጌ ተከራይቶ ይኖራል። ተከራዩ ከብርሃን ምግብ ይሠራል፣ አከራዩ ከዚያ ይበላል። ማታ ማታ ትንንሽ እጆቹን ዘርግቶ የሚቃርመው ቢኖርም፣ ዋናው ቀለቡ ከተከራዩ ነው። ይህንን ስሰማ ዝም አልኩ። እኔም በዚህ ቤት የምኖረው በዚያው ዓይነት ውል ነው፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እመልሳለሁ፣ እራቴን እበላለሁ። እኔ ክፍል ውስጥ ግን የ800 ዶላር መብራት አልተሰቀለም።

መብራት መምረጥ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሙያ ነው። «ስንት ዋት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ዋት የሚበላውን ነው የሚነግርህ፣ የሚሰጠውን አይደለም» አለኝ። «ሉመኑስ?» «ሉመን ለሰው ዓይን ነው አባዬ።» እውነቱን ነው፤ ያበሳጨኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ሉመን የሚለካው በእኛ ዓይን ምርጫ ነው፤ ዓይናችን ለአረንጓዴ ያደላል፣ ሰማያዊውን ይንቃል። ባሕር ደግሞ ቀዩን ብርሃን ገና ከላይ ውጦ ያስቀርና ወደ ታች የሚያሳልፈው ሰማያዊውን ነው። ኮራል የለመደው ያንን ነው። ስለዚህ እኔ ከዕቃ መደብር በ40 ዶላር ያገኘሁት ደማቅ ነጭ መብራት ጋራዥ ተጣለ።

የእነሱ መለኪያ «ፓር» ይባላል። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን፣ ተክል ሊጠቀምበት የሚችለውን ብርሃን ነው የሚቆጥረው። መለኪያውን ራሱ ከጓደኛው ተውሶ አመጣና ውኃው ውስጥ እየነከረ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ጸሐፊ ሆንኩ። ከላይ ካለው ዐለት 450፣ ከታች አሸዋው ላይ 90። እንግዲህ ቁጥሩ ስለበዛ ደስ አይበላችሁ፤ ሁሉም የየራሱ ልክ አለው። ለስላሶቹ 100 ገደማ ካገኙ ይጠግባሉ። አክሮፖራ የሚሉት ቅርንጫፋሙ ግን ከ200 በታች ካቀረቡለት ያኮርፋል። አንድ ገበታ ላይ ጾመኛና ፍስከኛ ማስተናገድ በሉት።

ዋናው በደል ግን ገና ዕለት ደረሰ። ባለቤቴ ሽንኩርት ስታቁላላ ያደረችበት ዶሮ ወጥ ቀረበ። ሳሎኑ በዚያ በሰማያዊ ብርሃን ተነክሯል፤ የእንግዶቹ ፊት የሰጠመ ሰው ፊት መስሏል። ወጡ ጥቁር! ቀይ ነገር ቀይ የሚሆነው ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ነው፤ በሰማያዊ ብቻ ከል ይለብሳል። አንዷ እንግዳ በትሕትና «እትዬ፣ ትንሽ ይዞብዎት ነው?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያንን ገንዳ «ቡና ቤቱ» ነው የምትለው።

ልጄ ደግሞ ፀሐዮቹ የተሰቀሉ ዕለት ኃይሉን መቶ በመቶ አድርጎ ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላ ከላይ ያሉት አመድ ነፋባቸው፤ ብርሃኑ ሲበዛ ኮራል ተከራዩን ያባርራል፣ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። መጽሐፍ አልገለጥኩም፤ ከአራስ ቤት የወጣ ሕፃን ቀትር ላይ ይሰጣል እንዴ? በጠዋቷ ለስላሳ ፀሐይ፣ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀስ እያሉ ነው የሚያለማምዱት። እናቱም አንተንም እንዲሁ ነው ያሞቅንህ አለችው። ወደ 30 ወረደና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨመረ። ግማሾቹ ተመለሱ። ምስጋና የሰጠኝ የለም።

ከሁሉም የሚከፋው ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ዕድሜዬን በሙሉ ማብሪያ ማጥፊያ ስገጥም ኖሬ፣ ስልክ ካልነኩ የማይበራ መብራት ልይ? ልጄ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ሳለ ሰዓቱ ተዛባና ደወለ፤ «ከ10 እስከ 8 አድርገው» አለኝ። አደረግሁት። በአማርኛ ነው የነገረኝ፤ በአማርኛ የተነገረ ሰዓት ደግሞ በሐበሻ ነው የሚቆጠር። ከቀኑ 10 ሰዓት በርቶ ሌሊት 8 ሰዓት ይጠፋ ጀመር። ኮራሎቹ ምንም አልሆኑም፤ አሥር ሰዓት ብርሃን ያው አሥር ሰዓት ብርሃን ነው፣ ዋሽንግተን ይሁን ምጽዋ አይጠይቁም። ጎረቤታችን ግን በየሌሊቱ ስለምንደግሰው ድግስ በጨዋ ደንብ ጠየቀን።

ስለዚህ መጥፋቱን ለማየት ቁጭ ብዬ አመሸሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ነው። እነዚህ ኤል.ኢ.ዲ.ዎች ብርሃናቸው ከጠባብ ነጥብ ስለሚወጣ፣ ውኃው ሲነቃነቅ አሸዋው ላይ የብርሃን መረብ ይዘረጋሉ። ረጅሙ ፍሎረሰንት ይህንን አያውቅበትም። ምጽዋ፣ ደረት በሚደርስ ውኃ ቆመን እግራችን ሥር የሚሮጠው ያ መረብ ነው። ባለቤቴ ከመኝታ ወጥታ «አንተ ሰውዬ፣ ቡና ቤት አመሸህ?» አለችኝ። «ተረኛ ነኝ» አልኳት።

አሁን ሰዓቱ ወደ አሜሪካ ተመልሷል። እኔ በዚህ መብራት ጉዳይ አያገባኝም። የግራዋን ፀሐይ አራት ጣት ያህል ቢያስጠጋት ግን ያ ከዐለቱ ሥር ያለው እንጉዳይ መሳይ ጥላ አይውልበትም ነበር። ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።