የጭንብል ኪራይ

የኩልፎ ወንዝ ሞልቷል። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም፤ ደጋው ላይ ግን ሲዘንብ አድሯል። ድልድዩ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ጀበና ቡናዬን ስጠብቅ፣ ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የመጣ የድሮ ጓደኛዬ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ አጠገቤ ተሰየመ።

«ዝናብ ሳይኖር ይሄ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?»

«ከአገሩ» አልኩት። «ኩልፎ እንዳንተ አይደለም፤ ጫሞ እስኪገባ ድረስ የጋሞን አፈር ከላዩ አያራግፍም።»

«ጀመርክ!»

«የጨረስከውስ አንተ! አባትህ ያወጡልህን ስም የት ጣልከው?»

«ለሥራ አልመች አለኝ።»

«ስሙ ነው ወይስ ሽሮ ሜዳ?»

ዝም አለ። ሽሮ ሜዳ አባቱ እግራቸውን ጉድጓድ ከትተው መወርወሪያ ሲያመላልሱ፣ እሱ ማግ እያጠነጠነ ነው ያደገው። ከጋሞ ደጋ የሄደ ሸማኔ፣ ከዶኮም ይምጣ ከጨንቻ፣ አዲስ አበባ ሲገባ ስሙ አንድ ነው፦ «ዶርዜ»። ስድቡ ምርቃት ነው። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው አትስደቡ ብለው በ1900 ዓ.ም. አውጀው ነበር፤ አዋጁ አረጀ፣ ስድቡ ግን ጡረታ አልወጣም።

«ግን ተጠቀምኩ» አለ። «ጥሩ ሥራ፣ ጥሩ ቤት፣ ጥሩ ሚስት።»

«ሚስትህ አገርህ የት ነው ስትልህ ምን አልካት?»

«ደቡብ።»

«ደቡብ አቅጣጫ ነው እንጂ አገር ነው እንዴ?»

«አማቶቼ ሲያፋጥጡኝ ደግሞ አርባ ምንጭ እላለሁ።»

«ከአርባው የትኛው?»

ሳቀ። ሳቁ ግን አጠረ። «ቀልዱን ተወውና ኪራዩን ንገረኝ» አልኩት።

«የምን ኪራይ?»

«የጭንብሉ።»

ተነፈሰ። ሠርግ ቤት ሁሉም ጥበቡን ለብሶ በሸማኔ ሲቀልድ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው። «ከዘገየሁ ይጠረጥሩኛል» አለኝ። የእናቱ ቁጥር ስልኩ ላይ «ቧንቧ ሠራተኛ» ተብሎ ተመዝግቧል።

«ልክ ብለሃል፤ ቤትህ እያፈሰሰ ነው።»

ዮ ማስቀላ፣ የጋሞ መስቀል፣ ሲደርስ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጓዙን ሸክፎ ወደ ደጋው ይተማል። እሱ ያን ሰሞን ለሚስቱ «ሥራ በዝቶብኛል»፣ ለእናቱም «ሥራ በዝቶብኛል» ይላል። ለሁለቱም እኩል የሚናገረው ነገር ቢኖር ይህ ውሸት ብቻ ነው።

«ጨንቻ እኮ ከዚህ 37 ኪሎ ሜትር ነው። አናትህ ላይ ናት።»

«አናቴ ላይ ያለውማ ነው የከበደኝ።»

ተረቡን ያሸነፍኩ መስሎኝ ሲኒዬን አነሳሁ። ይሄኔ መነጽሩን አወለቀ።

«አንተስ? ደጋችን ላይ ሽመና ነውር አይደለም፤ የማላው፣ የጨዋው ልጅ ሙያ ነው። አዲስ አበባ በሙያዬ ስትንቀኝ ደምህ ይፈላል። እሺ፣ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ለወንድምህ ታጫለህ?»

«ቡናው አቃጠለኝ» አልኩት።

«የተቀዳልህ ከማን ጀበና ነው?»

ለተረበኛ ከዚህ የባሰ ሞት የለም። እሱ አዲስ አበባ ላይ እንዳይታወቅበት ይፈራል፤ እኔ ማላ ሆኜ ስለተወለድኩ የሚያውቅብኝ ሰው አልፈራም። ልዩነታችን ይኸው ነው። እነዚያ ሠርገኞች የሸማኔውን ጥበብ ለብሰው ሸማኔውን ይንቃሉ፤ እኔ ከሸክላ ሠሪዋ ጀበና ጠጥቼ ልጇን ከማዕዴ አርቃለሁ። ጭንብሉን እሱ ያጥልቀው እንጂ ያሰፋነው እኔና መሰሎቼ ነን።

የቡናውን ሂሳብ እሱ ከፈለ። የቀረውን ዕዳ ግን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ፤ ወደ ስብሰባው ይሁን ወደ ጨንቻ አልጠየቅሁትም።

እናንተም ሠርግ ቤት የሸማኔ ቀልድ ሲነሳ ቀድሞ የሚስቀውን ሰው ልብ በሉት። ኪራይ እየከፈለ ይሆናል።